የእማማ ደሪቱ ኮታ

ስልኩ አልተዘጋም ነበር። ደቻሳ ከቤቱ ደውሎ፣ "እማዬ፣ እንኳን በሰላም ገባሽ። አሁን ልነሳ ነው፤ ሻንጣሽን ተቀበዪና በር ላይ ጠብቂኝ" ካለ በኋላ የዘጋው መስሎት የሆነ ቦታ አስቀመጠው። እናቱ ቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ ውስጥ፣ ሻንጣ እየዞረ የሚመጣበት ቦታ፣ ስልኩን ጆሯቸው ላይ እንደለጠፉ ቀሩ። የድስት ክዳን ሲንኳኳ ሰሙ። ቀጥሎ የምራታቸው የሀይሚ ድምፅ መጣ። "ሁለቱን ጠርሙስ መኪና ውስጥ ተቀበላትና እሷን ሰሚት ቤቷ አድርሳት፤ እዚህ እንዳታመጣት። ከጠየቁን ከመንገድ ስለገባች ደክሟታል እንላለን። የልደቱን ቀን ረሳኸው እንዴ? ዛሬ ደግሞ አቶ መኩሪያ ፊት ስለ ሽንኩርት እያወራች ልታሳቅቀን ነው?" ይህቺ ፊት ለፊት "እርስዎ" እያለች ከመቀመጫዋ የምትነሳላቸው ሀይሚ ናት። እማማ ደሪቱ ልጃቸው ምን እንደሚመልስ ለመስማት ትንፋሻቸውን ያዙ።

"እሺ" አለ ደቻሳ።

ሌላ አልጨመረም። "ኧረ ተይ" አላለም፣ "እንዴት ተደርጎ" አላለም። ከሀይሚ ንግግር ሁሉ ይልቅ እማማ ደሪቱን የቆረጣቸው ያቺ አንዲት እሺ ናት። ሀይሚማ የሰው ልጅ ናት፤ እሱ ግን ጡት ያጠቡት ነው። ዓይናቸው ሞላ። ያ ሁሉ ሰው በተሰበሰበበት ማልቀሱ አሳፈራቸውና በነጠላቸው ጫፍ ቶሎ ብለው ጠረጉት። ቡናማ ሻንጣቸው ከወዲያ ማዶ ብቅ ብሎ እየዞረ እስኪደርስላቸው ድረስ ግን ሐሳባቸው ተቆርጦ አልቆ ነበር። ጠርሙሶቹ የሚሄዱበት እሳቸውም ይሄዳሉ። እሳቸው የማይቀመጡበት ጠረጴዛ ላይ ጠርሙሶቹም አይቀመጡም። ደግሞም ልጃቸው በዚያ አለቃው ፊት እናቱን ምን ብሎ እንደሚጠራ በጆሯቸው ይሰማሉ።

መቼም እዚህ ከተማ ከውጭ የሚመለስ ሰው ጤንነቱ ሳይጠየቅ ኮታው ይጠየቃል። ያለ ቀረጥ ይዞ እንዲገባ የተፈቀደለት ሁለት ጠርሙስ ገና ቪዛው ሳይመታ ባለቤት አለው። አጎት ለልጁ መልስ ይፈልገዋል፣ ጎረቤት ለምትልካቸው ሽማግሌዎች ትፈልገዋለች፣ ጠጥታ የማታውቅ መነኩሲት እንኳ ከኢየሩሳሌም ብትመለስ መስቀሏን የሚሳለመው ዘመድ በዚያው አፉ "ኮታዎን ተጠቀሙበት?" ይላታል። ባዶ እጁን የገባ ሰው የራሱን ገንዘብ ቆጠበ አይባልም፤ የዘመድ ንብረት አባከነ ነው የሚባለው። ደቻሳም የእናቱን ጉዞ በሰማ ዕለት ሁለቱን ጠርሙስ ለመሥሪያ ቤቱ ሥራ አስኪያጅ ለአቶ መኩሪያ መደባቸው። የክፍል ኃላፊነት ቦታ ተከፍቷል፤ ሦስት ሰው ይፈልገዋል፤ አቶ መኩሪያ ደግሞ ጥሩ ውስኪ ሲያይ ፊቱ ይፈታል ይባላል። ከተማ ውስጥ አሥራ አራት ሺህ ብር የሚጠራበት ውስኪ መርከብ ላይ አርባ ዶላር ነው። ስለዚህ ሰውየውን ከነባለቤቱ ለዛሬ እራት ጠራው፤ "ከባሕር ላይ የመጣ ነገር ይጠብቅዎታል" ብሎም አስጎመጀው። እናቱን ግን አላማከራቸውም። የሚማከር ነገር መሆኑም አልታየውም።

መርከብ ላይ የወጡት በትንሿ ልጃቸው በኢሊሊ ምክንያት ነው። ኢሊሊ ከዱባይ እየተነሳ የዓረብን ባሕር በሚዞር ትልቅ የሽርሽር መርከብ ላይ የእንግዳ ክፍል ታጸዳለች፤ የሠራተኛ ቤተሰብ በቅናሽ ይሳፈራል ሲሏት እናቷን አስመጣች። እማማ ደሪቱ ዕድሜ ልካቸውን አውሮፕላን ከራሳቸው በላይ ሲያርፍና ሲነሳ እየሰሙ የኖሩ ሴት ናቸው፤ የእርሻ መሬታቸው ዛሬ የማረፊያው አጥር ከሚያልፍበት ብዙም አይርቅም ነበር። የተሳፈሩት ግን ዘንድሮ ነው። መርከቡ ላይ የገረማቸው የምግቡ ብዛት ወይም ሰው በቁምጣ መሄዱ አይደለም፤ የሱቁ ነገር ነው። መርከቡ ወደብ ላይ ሲቆም ሱቁ ይዘጋል። ከወደቡ ርቆ ውሃው ላይ ብቻውን ሲሆን ይከፈታል፤ የማንም መሬት ስላልሆነ ቀረጥ የሚጠይቅ የለም። ኢሊሊ ሠራተኛ ስለሆነች እንደ መንገደኛ መግዛት አይፈቀድላትም፤ ጠርሙሶቹ በእማማ ደሪቱ ካርድ ተገዙ። ከፍለው እጃቸውን ሲዘረጉ ሻጩ ፈገግ ብሎ ጠርሙሶቹን መልሶ ወሰዳቸው። ሰው እዚያው ገዝቶ እዚያው እንዳይጠጣ፣ የገዛኸው ሁሉ ተቆልፎበት ይቆይና የምትወርድ ዕለት ጠዋት ይሰጥሃል።

የሚወርዱ ዕለት ሰልፉ ረጅም ነበር፤ ጉልበታቸውም አመማቸው። ካርዱን ለኢሊሊ ሰጥተው ላኳት። ባዶ እጇን ተመለሰች። ሰውየው ካርዱ ላይ ያለውን ፎቶ አይቶ፣ እሷን አይቶ፣ ራሱን ነቀነቀ። ዕቃው ያለ መንገደኛዋ አይወጣም። ኢሊሊ ብትለምነው፣ ልጇ ነኝ ብትለው፣ አብረን ነው የምንሠራው ብትለው፣ ወይ ፍንክች። እማማ ደሪቱ ግድግዳ እየተደገፉ ራሳቸው ሄዱ። ሰውየው ፎቶውን አየ፣ እሳቸውን አየ፣ ጎንበስ ብሎ በታሸገ ላስቲክ የተጠቀለሉትን ሁለት ጠርሙሶች በሁለት እጁ ሰጣቸው። ደስ አላቸው። በጣም ደስ አላቸው። የመሬታቸው ካሳ ሲከፈል ቀርቦ የተቀበለው የባላቸው ወንድም ነበር፤ እሳቸው የሰሙት ሾላ ገበያ ሽንኩርት ሲያራግፉ ከሰው አፍ ነው። ደቻሳ ሀይሚን ሲያጭ ሽማግሌ የተላከው እሳቸው ገበያ በዋሉበት ቀን ነው። እሳቸው ካልመጡ አይሆንም የተባለ ነገር በዕድሜያቸው ሲያዩ ይህ የመጀመሪያው ነው። ያውም በማይቀምሱት ውስኪ።

ሻንጣቸውን እየገፉ ወደ መውጫው ሲሄዱ አንዲት ባለ ሦስት ሻንጣ ልጅ ተጠጋቻቸው። "እማማዬ፣ ኮታዎ ባዶ ከሆነ ይቺን ካርቶን ይያዙልኝ። ሽቶ ብቻ ናት፤ በር ላይ እቀበልዎታለሁ።" እማማ ደሪቱ ልጅቷን ከላይ እስከ ታች አዩአት። ደህና ልጅ ትመስላለች፤ ላብ አጥምቋታል። ሌላ ቀን ቢሆን ይይዙላት ነበር። "አይ ልጄ፣ የኔም ባለቤት አለው" ብለው አለፉ። መፈተሻው ጋ የቆመው የጉምሩክ ሠራተኛ ማሽኑ ላይ ያየውን አይቶ ሻንጣቸውን ወደ ጎን አደረገው። እንደሳቸው ያሉ እናቶች የሰው ዕቃ ተሸክመው ሲገቡ ማየት ሰልችቶታል መሰለኝ፤ ጥያቄው ከአፉ የወጣው እንደ ተለመደ ነገር ነው።

"እማማ፣ ጠርሙስ አለ። የማን ነው?"

"የኔ ነው።"

"እውነቱን ይንገሩኝ፤ ማን አስያዘዎት?"

"እኔው ነኝ የገዛሁት፣ እኔው ነኝ የተቀበልኩት፣ አሁንም እኔው ነኝ ይዤው የምወጣው። ሁለት ነው። የተፈቀደው ሁለት አይደለም እንዴ?"

ሠራተኛው ሳቀና እጁን ወደ በሩ ዘረጋ። እማማ ደሪቱ "የኔ ነው" ያሉት ቃል አፋቸው ውስጥ ጣማቸው። እስከ መውጫው ድረስ ለብቻቸው ሁለት ጊዜ ደገሙት።

ደቻሳ ሲመጣ እንደ ልጅነቱ አንገታቸው ውስጥ ገብቶ ሳማቸው። ከሲታ ነው፣ ሸሚዙ ተተኩሷል፣ ጸጉሩን ገና ዛሬ ተቆርጧል። ልባቸው ወዲያው ሊሸነፍለት ቃጣው፤ እናት ናቸውና። ሻንጣውን መኪናው ኋላ ከተተ፤ ቁልፉ ግን የእማማ ደሪቱ ማተብ ላይ ታስሯል። "ደክሞሽ ይሆናል፣ ቀጥታ ቤትሽ ላድርስሽ" አለ፣ ዓይኑን መስታወቱ ላይ ተክሎ። "አልደከመኝም። ስተኛ ነው የከረምኩት። መጀመሪያ ሾላ ውሰደኝ፣ ብርነሽን ልያት። ከዚያ ቤትህ እንሄዳለን።" ደቻሳ መኪናውን አስነሳ። "ዛሬ እኮ እንግዳ አለብን እማዬ።" "አውቃለሁ" አሉና ወደ መስኮቱ ዞሩ። እስከ መገናኛ ድረስ መንገዱ ሁሉ አዲስ ዛፍና አዲስ መብራት ሆኗል፤ የእግረኛው መሄጃ ሰፍቶ ሰው ተጎልቶ ስልኩን ይነካካበታል። ደቻሳ አንዴ "ጠርሙሶቹ አልተሰበሩም አይደል?" አለ። "በጋቢዬ ነው የጠቀለልኳቸው" አሉት።

ብርነሽ ሾላ ገበያ ውስጥ አሥራ ስምንት ዓመት አጠገባቸው ተቀምጣ ዝንጅብልና ነጭ ሽንኩርት የሸጠች የላስታ ሴት ናት። ስታያቸው ከጆንያዋ ላይ ተነስታ እየጮኸች አቀፈቻቸው፤ ቀጥላ ልብሳቸውን እያሸተተች፣ "ኧረ ይቺ ሴትዮ ሽቶ ሽቶ ትላለች! ባሕሩ በሽቶ ነው እንዴ የሚሞላው?" አለች። የደንበኛ ሳቅ ሞላ። እማማ ደሪቱ ከቦርሳቸው መርከቡ ላይ በየቀኑ የሚሰጡትን ትንንሽ ሳሙናዎች አውጥተው መሐረቧ ላይ ዘረገፉላት። ሽንኩርት ተራው ላይ ቆመው የቀይ ሽንኩርቱን ዋጋ ጠየቁ፤ መቶ ሠላሳ ገብቷል። ከሄዱ ወዲህ ሃያ ብር ጨምሯል ማለት ነው። አንዱን አንስተው አንገቱን ጫን ጫን አደረጉና "ውሃ የጠጣ ነው፣ አይቆይም" አሉ። ሻጩ ልጅ አኮረፈ። ብርነሽ ዓይኗን ደቻሳ ላይ ጣል አድርጋ፣ "ውስኪስ አላመጣሽም?" አለች።

"ሁለት ይዣለሁ።"

"ለማን?"

"ገና ነው። እንደ ሁኔታው ነው።"

"በይ እንግዲያው አንዷን ወደኔ ጣል። የልጄ መልስ ደርሷል፤ አማቾቼ ፊት ኮራ ልበል እንጂ" አለች ብርነሽ፣ እየቀለደችም እያመረረችም። መሰነባበቻ ብላ ደህናውን ቀይ ሽንኩርት መርጣ በፌስታል ሞላችላቸው። ደቻሳ ጫማው ጭቃ እንዳይነካው በአንድ እግሩ ድንጋይ ላይ ቆሞ "ገና ነው፣ እንደ ሁኔታው ነው" የምትለዋን ቃል ሲያላምጥ ነበር። ፌስታሉን ከእናቱ ተቀብሎ መኪና ውስጥ አስገባው።

ወደ ሲኤምሲ መንገድ ሲገቡ የሽንኩርቱ ጠረን መኪናውን ሞላው። ደቻሳ መስኮቱን ሊያወርድ እጁን ላከ፤ ከዚያ እጁን መልሶ መሪው ላይ አደረገው። እማማ ደሪቱ ይህችን አዩለት።

"ደቻሳ፣ ስልክ ስታወራ ስትጨርስ መዘጋቱን እይ።"

"ምን ሆነ?"

"ቅድም አልዘጋኸውም። የሷንም ሰማሁ፣ ያንተንም ሰማሁ።"

ደቻሳ ፍሬኑን ያዘ። ከኋላ የሚመጣው ሚኒባስ ጥሩንባውን ነፋበት። "እኔ… እኔ ምን አልኩ እማዬ?"

"እሺ አልክ።"

ከፊታቸው የቆመው መኪና ሄደ፣ እሱ ቆመ፣ ሚኒባሱ እየተሳደበ አለፈው። "እማዬ፣ ሥራው እኮ… ሰውየው ትንሽ…" ብሎ ጀመረና ሳይጨርሰው ተወው። እማማ ደሪቱ አልጮኹበትም። ቁጣቸውን ሻንጣ ሲጠብቁ ጨርሰውታል፤ አሁን የቀራቸው ሕጉን ማስረዳት ብቻ ነው። "ስማኝ ኢልመ ኮ" አሉት፤ በአማርኛ ሲነጋገሩም እንኳ ልጄ የሚሉት በኦሮምኛ ነው። "መርከቡ ላይ እህትህ ልትቀበልልኝ ሄዳ ነበር። አይሆንም አሏት። ዕቃው ያለ መንገደኛው አይወጣም አሏት። እኔ የተማርኩት ይሄን ነው። የሚጠጣበት ጠረጴዛ ላይ ወንበር ካለኝ ጠርሙሱ ይወጣል። ከሌለኝ ቀጥ ብለህ ሰሚት አድርሰኝ፤ አልቀየምህም፣ አልረግምህም፤ እነሱም አብረውኝ ይገባሉ። መንገዱ ያው ነው፣ የምትታጠፍበትን አንተ ታውቃለህ።" ደቻሳ ሰዓቱን አየ። እሳቸውን አላየም። ወደ ቤቱ በሚወስደው መታጠፊያ ላይ መብራት አሳየና ታጠፈ።

ቤቱ አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። ሳሎኑ ከዚያ በፊት እማማ ደሪቱ ሲመጡ ያላዩት ግራጫ ሶፋ ገብቶበታል፤ ዋጋ የተጻፈበት ወረቀት ከእግሩ ላይ ሙሉ በሙሉ አልተላጠም። መጋረጃው ታጥቧል፣ ቴሌቪዥኑ ድምፁ ጠፍቶ ይበራል፣ የልጅ ልጃቸው ለማታው ጎረቤት ጋ ተልኮ ምግብ ጠረጴዛው ላይ አራት ሳህን ከነሹካው ተደርድሯል። ሀይሚ በሽርጥ ወጥታ ስታያቸው መጀመሪያ ባሏን፣ ቀጥሎ ፌስታሉን፣ ቀጥሎ እሳቸውን አየች። "ውይ እማማ! እንኳን ደህና መጡ!" ብላ ሦስቴ ሳመቻቸው። እጇ በረዶ ነበር። ሀይሚ ክፉ ሴት አይደለችም፤ የምትፈራ ሴት ናት። ከንጋት ጀምራ ቆማ ነው የዋለችው፣ ዓይኗ ከምድጃው ሙቀት ቀልቷል። ያኔ በልጇ ልደት ቀን እማማ ደሪቱ አንዱን የባንክ ሰው ይዘው ሚስቱ ሽንኩርት ስትገዛ እንዴት እንደምትታለል አንድ ሰዓት ሙሉ ሲያስረዱት መሬት ተከፍቶ ቢውጣት ብላ ነበር። "ሻንጣውን ልክፈትልዎት? ገላዎንስ አይታጠቡም?" አለች። "መርከቡ ላይ በቀን ሁለቴ እታጠብ ነበር፤ አሁን ንጹሕ ነኝ። ሻንጣውንም ጊዜው ሲደርስ እከፍተዋለሁ" አሉና ግራጫው ሶፋ ላይ ተደላድለው ተቀመጡ።

ባልና ሚስት ወጥ ቤት ገቡ። በሩ ገርበብ ብሎ ነበር፤ ሹክሹክታው ይሰማል እንጂ ቃሉ አይለይም። የሀይሚ ፈጣን ነው፣ የሱ አልፎ አልፎ ነው። አንድ ቦታ ላይ ሀይሚ ያለቀሰች መሰለ። እማማ ደሪቱ አራቱን ሳህኖች እያዩ ጠበቁ። ማንም ቢጠይቃቸው አይደብቁም፣ ፈርተዋል። ሰሚት ያለችው አንዲት ክፍላቸው ትናፍቃቸው ጀመር፤ እዚያ የሚገፋቸው የለም፣ የሚቆጥራቸውም የለም። በመጨረሻ ደቻሳ አምስተኛ ሳህን ይዞ ወጣና ከጠረጴዛው ጥግ፣ ለወጥ ቤቱ በር ቅርብ የሆነው ቦታ ላይ አስቀመጠው። እማማ ደሪቱ ተነሱ። ሳህኑን አነሱና ከልጃቸው ወንበር አጠገብ አድርገው ሹካውን አስተካከሉት። ደቻሳ ቆሞ አያቸው። ከዚያ ከማተባቸው ቁልፉን ፈተው ሻንጣውን ከፈቱ፤ ጠርሙሶቹን ከነላስቲካቸው አውጥተው ወንበራቸው ሥር አኖሩና ነጠላቸውን ጣሉባቸው።

አቶ መኩሪያ ሲመሽ መጣ። ትልቅ ሰውነት፣ ወፍራም ድምፅ፣ ሰው ሲጨብጥ የማይለቅ። ባለቤቱ ሙሉአለም ከኋላው ገባች፤ ጸጥ ያለች ሴት ናት፤ ገና ስትቀመጥ ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አድርጋ በሁለት እጇ ያዘችው። አቶ መኩሪያ እማማ ደሪቱን ሲያይ ጎንበስ ብሎ ሰላም አላቸው፤ "እናታችንስ?" ብሎም ወደ ባልና ሚስቱ ዞረ። ሀይሚ ቀደመች። "ዘመድ ናቸው። ዛሬ ከውጭ መግባታቸው ነው" አለች፣ በአንድ ትንፋሽ። እማማ ደሪቱ ደቻሳን አዩት። ደቻሳ የአቶ መኩሪያን ኮት እየተቀበለ ነበር፤ ኮቱን እንደ ሕፃን አቅፎ መስቀያው ጋ ሄደ፤ መስቀሉ ረጅም ጊዜ ፈጀበት። ዘመድ። እማማ ደሪቱ ቃሏን ዋጡ። ቃሏ አልወርድ አለቻቸው።

እራቱ ጥሩ ነበር፤ ሀይሚ እጇ ይባረክ። ክትፎው፣ ጥብሱ፣ ፉርኖ ውስጥ የበሰለው ዶሮ፣ ሁሉም ቀረበ። አቶ መኩሪያ እየጎረሰ ስለ መሥሪያ ቤቱ ያወራል፣ ደቻሳ ከቀልዱ ቀድሞ ይስቃል፣ ሙሉአለም ሳህኗን ታያለች፣ ሀይሚ ትነሳለች ትቀመጣለች። እማማ ደሪቱ ጥቂት ቀመሱና እጃቸውን ሰበሰቡ። በተረከዛቸው ጠርሙሶቹን ነካ ነካ ያደርጓቸዋል። ሐሳባቸው አልተለወጠም፤ እንዲያውም ጠንክሯል። እንደ ዘመድ ከሆነ የተቀመጡት፣ ዘመድ ደግሞ ሲመሽ ዕቃውን ይዞ ወደ ቤቱ ይሄዳል። ራይድ እንዴት እንደሚጠራ ኢሊሊ አስተምራቸዋለች።

አቶ መኩሪያ አፉን ጠረገና ወንበሩ ላይ ወደ ኋላ ተለጠጠ። "በል ደቻሳ፣ ያ ከባሕር የመጣ ነገር የታለ? ለሱ ብዬ እኮ ምሳ እንኳ በቅጡ አልበላሁም።"

ደቻሳ ሳቀ፤ ሳቁ ግን ግማሽ መንገድ ላይ ቀረ። እናቱን አየ። እማማ ደሪቱ አልተንቀሳቀሱም። እጃቸው ጭናቸው ላይ ነው፣ ዓይናቸው ዓይኑ ላይ ነው። ሀይሚ "አምጣው እንጂ" አለች፣ ከንፈሯ ሳይላቀቅ። ማንም አልተነሳም። ቴሌቪዥኑ ላይ አንድ ሰው ያለ ድምፅ አፉን ይከፍታል ይዘጋል። አቶ መኩሪያ የሆነ ነገር እንዳለ ገባውና ከደቻሳ ወደ እማማ ደሪቱ፣ ከእማማ ደሪቱ ወደ ደቻሳ ተመለከተ።

"እኚህ ዘመዳችሁ ናቸዋ ያመጡት? እንዲያው የማን ዘመድ ናቸው? የሷ ናቸው ያንተ?"

ደቻሳ ውሃውን አንስቶ ሳይጠጣ መልሶ አስቀመጠው። ለአፍታ እማማ ደሪቱ የቅድሙ እሺ እንደገና ሊመጣ መሰላቸው፤ ተረከዛቸውን ከጠርሙሶቹ ላይ አንስተው ለመነሳት ተዘጋጁ።

"የኔ ናት" አለ ደቻሳ። ድምፁ ጮክ ብሎ ሲወጣ እሱንም አስደነገጠው። "ዘመድ አይደለችም ጋሽ መኩሪያ። እናቴ ናት። ቅድም ዝም ያልኩት…" እጁን ዘርግቶ በሰው ፊት የእናቱን እጅ ያዘ፤ ከአሥራ ሁለት ዓመቱ ወዲህ እንዲህ አድርጎ አያውቅም። ሀይሚ አንገቷን ደፋች። እማማ ደሪቱ ጉሮሯቸው ላይ የቆመችው ቃል ወረደችላቸው። አላለቀሱም፤ ለለቅሶው በኋላ ጊዜ አለው። በነጻው እጃቸው ጎንበስ ብለው ከነጠላው ሥር ጎትተው አንዱን ጠርሙስ አወጡ፣ ላስቲኩን በጥርሳቸው ቀደዱና ጠረጴዛው መካከል አቆሙት።

"እንካ ክፈተው" አሉት።

አቶ መኩሪያ ጠርሙሱን አዙሮ አዙሮ አየና ፊቱ እንደተባለለት ተፈታ። "ሁለት ነው የተባልኩት እኮ" አለ እየሳቀ። "ሁለት ነው" አሉ እማማ ደሪቱ። "አንዱ ከኔ ጋር ይወጣል። ሾላ መልስ ያለባት ጓደኛ አለችኝ።" እስካሁን አንድ ቃል ያልተናገረችው ሙሉአለም ቦርሳዋን ከጭኗ አውርዳ ወለሉ ላይ አስቀመጠችና ወደ እማማ ደሪቱ ዘንበል አለች።

"ሾላ ይገባሉ እንዴ እማማ? ሽንኩርት ስንት ገባ ባክዎ? የኛ ሰፈርማ ዘረፋ ሆኗል።"

ሀይሚ ዓይኗን ጨፈነች። እማማ ደሪቱ ወንበራቸውን ጠጋ አደረጉ።

"መቶ ሠላሳ ነው ልጄ፤ ግን አሁን የገባው ውሃ የጠጣ ነውና እንዳትገዢ" ብለው ጀመሩ።